ሦስት ጊዜ ሳይጠራ

ልጆቼ ዞምቢ የሚሏቸውን፣ ከመቃብር ተነሥተው ሕያዋንን የሚያሳድዱ ሙታን፣ እኔ ያወቅኋቸው ልጆቼ ሳይወለዱ ነው። ያስተዋወቀኝም አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ወረታ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት፣ እኔ ጓሮውን ተከራይቼ ከምኖርበት ሻይ ቤት ተቀምጦ መለዋወጫ ሲጠብቅ ሰነበተ። ሲሄድ ከመቀመጫው ሥር አንድ የሥዕል መጽሔት አወጣና «መምህር አይደለህ? እንካ፣ አንብብ» ብሎ ሰጠኝ። ቋንቋው ጣሊያንኛ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሽፋን የለውም፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሉም፤ የመጨረሻዎቹም በርበሬ ተቋጥሮባቸው ሄደዋል። የደረሰኝ መኻሉ ብቻ ነው።

ቃሉን ባላውቀውም ሥዕሉ ይነበባል። ደጋግሜ ሳገላብጠው፣ ታሪኩ እንደ ማኅበር በራሱ ደምብ የሚሄድ መሆኑ ገባኝ። ሙታኑ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ቢሆንም የሚሮጠውን ይደርሱበታል። መጀመሪያ «ምን ሙት ይነሣል» ብሎ የሳቀው ሰው፣ መጀመሪያ ይበላል። የተረፉት አንድ ቤት ተሰብስበው እህላቸውን ያዋጣሉ፣ በሩን በጣውላ ይቸነክራሉ። አንዱ ጠመንጃ ስላለው አለቃ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ተነክሷል፤ የተነከሰ ውሎ አድሮ ከሙታኑ አንዱ ይሆናልና፣ ቁስሉን በእጅጌው ሸፍኖ ዝም ይላል። አንዲት ልጅ ውሻዋን ረስታ ትመለሳለች። እዚህ ገጽ ላይ «ወዴት ነው የምትሄጅ!» ብዬ ብቻዬን ጮኼ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት ምን ነካህ ብላኛለች።

የቀረልኝ የመጨረሻ ሥዕል ላይ አንዲት እናት ከተዘጋ በር ጀርባ ቆማለች። ከበሩ ውጭ ልጇ አለ። ሞቶ የተነሣ ይሁን በሕይወት የተመለሰ ከሥዕሉ አይለይም። ወረቀቱ የተቀደደው እዚያ ላይ ነው፤ የቀደደውን ሰው ብዙ ጊዜ ረግሜዋለሁ።

በዚያ በጋ ከወረታ ወጣ ባለችው በቁሐር ሚካኤል መንደር የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርሁ። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ግድም ነው፤ መጨረሻው መሆኑን ግን ማናችንም አናውቅም። የማስተምረው በበዓል ቀን ነበር። ገበሬው በበዓል በሬ አይጠምድም፤ በዓሉም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ተማሪ አጥቼ አላውቅም። ያጣሁት አንባቢ ነው። የማንበቢያው መጽሐፍ ስለ ኅብረት ሥራ፣ ስለ ትራክተርና ስለ ጠላት የሚያወራ ሲሆን፣ ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ሸምድደውታል። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ፣ በዕድሜም በድምፅም የክፍሉ አውራ የነበረው ሰው፣ መጽሐፉን ገልብጦ ይዞ አንድ ቃል ሳይስት ሲወርድልኝ፣ ያስተማርሁት ፊደል ሳይሆን ዜማ መሆኑን ተረዳሁ።

በሚቀጥለው በዓል መጽሔቱን ይዤ ሄድሁ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያን ቀን ማንም ወደ ቤቱ ለመሄድ አልቸኮለም። የደብሩ መሪጌታ፣ ሁላችንም የኔታ የምንላቸው፣ ከክፍሌ አይቀሩም ነበር፤ የሚመጡት ለመማር ሳይሆን ክሕደት እንዳላስተምር ለመጠበቅ ነው። ሥዕል ይችላሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ያደሱት እሳቸው ናቸው። መጽሔቱን አቅርበውም አርቀውም አዩትና፣ «እጁ ጥሩ ነው፤ ሃይማኖቱ ግን ብላሽ ነው» አሉ። ከዚያ ለእህል መጋዘኑ ሥራ ከመጣው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀቱን እየላጥን በትልቁ ይሥሉልን ጀመር። ከየሥዕሉ በታች እኔ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼ ያነባሉ። ማንም የማያውቀውን ታሪክ በቃል መሸምደድ አይቻልምና፣ ሳይወዱ በግድ ፊደሉን ማየት ጀመሩ።

ግን ታሪኩን እንዳለ አልተቀበሉትም።

«እነዚህ ሰዎች ከብታቸው የት አለ?» አለ ታጣቂው።

«እዚህ አይታይም።»

«ከብቱን ጥሎ ሸሸ? ምን ሰው ነው ታዲያ፤ ይበሉት!»

የኔታ ከብት ጨመሩ። ሰዎቹ ወደ ጣራ ገዳም ተራራ ሲሸሹ በተሣለው ወረቀት ላይ ከሰው ይልቅ ላም ይበዛል። ውሻዋን ልታመጣ የምትመለሰው ልጅ ክፉኛ አሳቀቻቸው፤ ውሻው ተሰርዞ እምቦሳ ሲሆን ግን ሳቁ ቆመ። ለእምቦሳማ ማን አይመለስ! ባለጠመንጃው አለቃ ይሁን ስል አንዱ ከኋላ «ጠመንጃ የያዘውማ ቀድሞ ነው የሚፈረጥጥ» አለና ሁሉም ወደ ታጣቂው ዞረ። እሱም ሳቀ። ፎገራ ላይ በክረምት ውኃ ሲከብበን ጉብታ ላይ ከከብት ጋር መክረም እናውቃለንና፣ በር ቸንክሮ መቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት አልተቸገርሁም። የተቸገርሁት በተነከሰው ሰውዬ ነው።

«ይኸ ሰው የነፍስ አባት የለውም?» አለች አንዲት ተማሪዬ።

የታጣቂው የሟች ወንድሙ ሚስት ናት። ያኔ እርስዎ ነበር የምላት፤ አሁን ዕድሜዬ ያኔ ከነበራት ስላለፈ እሷ ብላት አትቀየመኝም። ከክፍሉ ሁሉ ፊደል የገባት እሷ ነበረች። ለመማር የቸኮለችበትን ምክንያት ሁሉም ያውቃል። አንድ ልጇ ጊደር ሊሸጥ ይፋግ ገበያ እንደወረደ በአፈሳ ተይዞ ወደ ግንባር ተወስዶባታል። ደብዳቤ ሲመጣ በሰው አፍ ላለመስማት ነው የምትማረው። ደብዳቤ ግን አልመጣም። በፈቃድ የመጣ የአገሩ ልጅ «ሲወድቅ አይቸዋለሁ» ብሎ ነግሯቸው ተመልሷል። አጎቱ ታጣቂው አመነ። እናቱ አላመነችም። «ወደቀ አለ እንጂ ሞተ አላለም» ትላለች።

«የነፍስ አባትማ አለው» አሉ የኔታ። «ይናዘዛል። ቄሱም መነከሱን ያውቃሉ።»

«ታዲያ ለሌሎቹ ለምን አይነግሩም?» አልሁ።

«ኑዛዜ ይወጣል? ምን ትላለህ አንተ!»

ስለዚህ የኔታ ከተነከሰው ሰው ጎን የተቀመጠ፣ ሁሉን የሚያውቅ፣ መናገር የማይችል ቄስ ሣሉ። ልጆቼ ከዚያ ወዲህ ብዙ እንዲህ ያለ ታሪክ አሳይተውኛል። እንደዚያ ቄስ ያስፈራኝ አላየሁም።

ትልቁ ክርክር የመጣው በሙታኑ በራሳቸው ነው። የኔታ ሊሥሏቸው እምቢ አሉ። «ተፈትቶ የተቀበረ አይነሣም። ፍትሐት ደርሶለት፣ አፈር ለብሶ ያረፈውን ከምጽአት በፊት ማን ይቀሰቅሰዋል?»

«የኔታ፣ ታሪኩ ያለ ሙት እንዴት ይሁን?» ብዬ ለመንኋቸው።

አሰቡ። «እንግዲያ ያልተፈቱት ይሁኑ» አሉ። «ሜዳ የቀሩት። አልቃሽ ያላገኙት።»

እኔም ደስ ብሎኝ ከሥሩ «ፍትሐት ያልደረሰለት ይነሣል፤ የተፈታ አይነሣም» ብዬ ጻፍሁ። ቀና ስል የሚስቅ አልነበረም። ከተቀመጡት ስንቱ ልጁን ወይ ወንድሙን ወደ ግንባር ሸኝቷል። ሜዳ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ከእኔ በቀር ሁሉም ወዲያው አስቦታል።

በመጨረሻ በመጽሔቱ ውስጥ ወዳለችው እናትና ወደ በሩ ደረስን። ከበሩ ውጭ ያለው ሕያው ይሁን ሙት እንዴት ይለያል? ይህን ታጣቂው ፈታው። «ለዚህማ ደምብ አለን» አለ። «ሲመሽ ስምህን የጠራህን ባንድ ቃል አቤት አትለውም። ሙት አንዴ ነው የሚጠራ። ሰው የሆነ ሦስቴ ይጠራል።» እውነቱን ነው፤ እናቴም ወረታ ላይ እንደዚሁ ነበር ያሳደገችኝ። «ሦስት ጊዜ ሳይጠራ በር አይከፈትም» ብዬ ጻፍሁ። የማንበብ ተራው የዚያች ልጇ የተወሰደባት ተማሪዬ ነበር። ተነሣች፤ ወረቀቱን አየች፤ አላነበበችም።

«አቃተዎት?» አልኋት።

«ምን ያቅተኛል! አልለውም እንጂ። ልጅ ሲጠራ ይቆጠራል እንዴ?»

ትከፍታለች፣ አትከፍትም ተብሎ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ታጣቂው «አትከፍትም፤ ቤት ሙሉ ሰው ታስፈጃለች» አለ። የኔታ የመጨረሻውን ወረቀት ባዶውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉና «ሲታወቅ እሥለዋለሁ» ብለው ቀለማቸውን ከደኑ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሽማግሌዎች፣ ታጣቂው መርቷቸው፣ በማለዳ ወደዚያች ተማሪዬ ቤት የልጇን መርዶ ይዘው ሄዱ። ጾሙ ከገባ ተዝካሩ በሥጋ አይሆንም፤ ስለዚህ ቸኩለዋል። እኔ የኔታ ቤት አድሬ ስለነበር ተከትያቸው ሄድሁ። ሬሳ በሌለበት የሚለቀሰው በሟች ልብስ ነው፤ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ዙሪያውን ይለቀሳል። ታጣቂው ልብሱን ስጭኝ አላት። የሚያለቅሰው ከልቡ ነበር። «የወንድሜ ልጅ አልቃሽ አጥቶ ነፍሱ በየሜዳው ትንከራተት?» ይል ነበር። እሷ ልብሱን አልሰጠችም። ሽማግሌዎቹን አልፋ የኔታ እግር ላይ ወደቀች።

«የኔታ፣ ፍትሐቱን አያድርሱ።»

«ምነው ልጄ? ለነፍሱ እኮ ነው።»

«የተፈታ አይነሣም ያሉ እርስዎ አይደሉም? መምህሩ ጽፎት በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ከፈቱት አይመጣም።»

«እሱ እኮ ተረት ነው!» አልሁ እኔ፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ዞር ብላም አላየችኝ። «ሞቶም ቢሆን ይምጣልኝ፣ የኔታ» አለች። «እንደዚያ ሆኖም ቢሆን ይምጣ። መንገዱን አይዝጉብኝ።»

መጽሔቱን ስንቴ ሳገላብጥ ከሙታኑ ሸሽቻለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱን የሚጠብቅ ሰው ይኖራል ብዬ ግን አንድ ቀን አላሰብሁም ነበር። የኔታ ጎንበስ ብለው አነሷት። ሰው ሁሉ «ተረት ነው፣ የሚፈራ ነገር የለውም» እንዲሏት ይጠብቃል። እሳቸው ግን ሲናገሩ የሰማሁት ሌላ ነው። «ያልሁትስ እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እስከ ፋሲካ ይቆይ።»

«በአንድ መምህር ተረት ቤተ ክርስቲያን ሥራዋን ልትተው ነው?» ብሎ ታጣቂው ጦፈ። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን አንሥተው ወጡ። ጾሙን በሙሉ ታጣቂው አላናገረኝም። መቅረት ስለማይፈቀድለት ክፍል ይመጣል፤ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። ሲያነብም ወደ በሩ ነው የሚያነበው።

ቀጥሎ ያለውን የሰማሁት ዘግይቶ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ከራሱ ከታጣቂው አፍ ነው። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ መንደሩ ሲገባ የመጀመሪያው ቤት የእሱ ነው። ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት፣ ከብቱ ገብቶ በሩ እንደተዘጋ፣ ውሻው አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። «ያ ብቻውን ሊነግረኝ ይገባ ነበር» አለኝ፤ ውሻ ለባዕድ ዝም አይልም። ከአጥሩ ሥር አንድ የሻከረ ድምፅ «አያ» ብሎ ጠራ። አያ እያለ የሚጠራው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ታጣቂው ጠመንጃውን አንሥቶ ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቀ። ጠበቀ። አልመጣም። «እንግዲያ ሙት ነው አልሁ። አማተብሁ። ሚስቴንም አማትቢ አልኋት።»

ልጁ አልሞተም። ቆስሎ ተማርኮ ከርሟል፤ ሲለቁት መንገድ እየሸሸ፣ ቀን እየተኛ ሲመሽ እየተጓዘ በእግሩ መጥቷል። ካድሬ ቢያየው ወደ ግንባር ይመልሰዋል፤ አጎቱ ደግሞ የመንግሥት ጠመንጃ የያዘ ነው። ድምፁን አሰምቶ ደጋግሞ እንዴት ይጥራ? ተደብቆ የሚመጣ ሕያው ሦስት ጊዜ አይጠራም። ደምቡን ያወጡት ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዘመን አላዩም ይሆናል።

አጥሩን ለቆ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። እዚያም አንድ ጊዜ ጠራ። እሷን ኋላ «እንዴት አወቁት?» ስላት እውነቱን ነገረችኝ። «አላወቅሁትም» አለች። «ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።» ከበሩ ውጭ ያለው ሙት ይሁን ሕያው ሳታውቅ ነው መወርወሪያውን ያነሣችው።

የመጽሔቱ ሰዎች በአንድ ነገር ልክ ነበሩ። የሚመለሰው የሄደው ሰው አይደለም። ልጁ ተቀምጦ ያድራል፤ ሳህን ቢወድቅ ይንቀጠቀጣል፤ እንጀራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። እናቱ ጎረቤት ሲንሾካሾክ ትሰማ ነበርና «እንደ ድሮው አይደለም ይሉኛል፤ እኔስ እንደ ድሮዬ ነኝ?» ብላ ዘጋችው።

ታጣቂው ልጁ በገባ ማግሥት ማለዳ ሰምቶ እየሮጠ ሄደ። በሯ ተዘግቷል። ጠራት። ከውስጥ የወጥ ማማሰያ ድምፅ ይሰማል፤ መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። ማማሰያው ቆመ፤ አሁንም መልስ የለም። ሦስተኛ ሲጠራ «እንግዲያ ሰው ነህ፤ ግባ» አለችው። ገብቶ የወንድሙን ልጅ ጉልበት አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠየቀው ባለሥልጣን ሁሉ «ልጁማ ሞቷል፤ መርዶውን ይዤ የሄድሁት እኔ አይደለሁም?» ይል ነበር። መንደሩም ይህንኑ አለ። ልጁ ለመንግሥት ሙት፣ ለእናቱ ሕያው ሆኖ እስከ ለውጡ ቆየ። የኔታም ስለ ፍትሐቱ ሲጠየቁ «ልደርስበት ነው» እያሉ ሳይደርሱበት ቀሩ።

እኔ ግን በዚያ ሰሞን ይህን ሁሉ አላውቅም። ከፋሲካ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ የትምህርት ቀን ከወረታ ተቆጣጣሪ መጥቶ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ግድግዳው ላይ የኔታ የሣሏቸው ሙታንና የቁሐር ከብቶች ተሰልፈዋል፤ ጥግ ላይ ባዶው ወረቀት አለ። ተቆጣጣሪው ጫፉን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይህስ?» አለኝ።

«መጨረሻው አልታወቀም፣ ጓድ» አልሁት።

እናትየዋ ተነሥታ መጣች። የኔታ ብሩሻቸውን አነሡና «ልሣልልሽ?» አሏት።

«አይ የኔታ፣ ይኸ በጽሕፈት ይበቃዋል።»

ከሰል አንሥታ መጻፍ ጀመረች። እስከዚያ ቀን የጻፈችው ሁሉ እኔ የሰጠኋትን ነበር። ይህን ማንም አልሰጣትም። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ወደ ቀኝ እያዘመሙ ወጡ። ታጣቂው ከጾም ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ሰሌዳው መለሰ።

«አንድ ጊዜ ጠራ። ከፈትሁ።»

ተቆጣጣሪው ጮክ ብሎ አነበበው። «ጎበዝ!» አለ። «ግን ማነው የጠራው? ሙቱ ነው ሕያው?»

እሷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ቦታዋ ስትመለስ፣ ታጣቂው ጠመንጃውን ከጭኑ አነሣና ብድግ አለ።

«ተረት ነው፣ ጓድ» አለ።

ክፍሉም ሁሉ የማንበቢያ መጽሐፉን በሚወርድበት ዜማ፣ በአንድ ድምፅ፣ «ተረት ነው» አለ።